ሦስት ዓመት የማይጠብቅ ደመወዝ

የተከበራችሁ የመሠረታዊ ሠራተኛ ማኅበራት መሪዎች፣ እህቶቼና ወንድሞቼ፤ እንኳን ለዓለም የሠራተኞች ቀን አደረሳችሁ።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የባንክ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። አስመጪ ዋጋ ለመቀየር አንድ ስልክ ይበቃዋል። ደመወዝ ለመቀየር ግን ደብዳቤ፣ ድርድር፣ የቦርድ ስብሰባ፣ የበጀት ዓመት ይጠበቃል። ገበያው የሚታመመው በዚህ መሀል ነው።

በወር 6,000 ብር የምታገኝ ልብስ ሰፊን እንውሰድ። ዋጋ 25 በመቶ ሲጨምር ደመወዟ የሚገዛላት የቀድሞውን 4,800 ብር ያህል ነው። የቤት ኪራይ አይቀርም፣ ታክሲም አይቀርም። የሚቀረው ጫማ ነው፤ ልብስ ነው፤ የልጅ ወተት ነው። ጫማ ሻጩ ትእዛዝ ይቀንሳል፤ ፋብሪካው አንድ ፈረቃ ይዘጋል፤ ከፈረቃው የወጣው ሠራተኛ ደግሞ ልብስ መግዛቱን ይተውና ጦሱ ተመልሶ ሰፊዋ ጋ ይደርሳል። መቀዛቀዝ የሚባለው ይኸው ነው።

ደመወዝ ከዋጋ ኋላ ሲቀር ጉልበት ስለሚረክስ ቅጥር ይጨምራል የሚል ትምህርት አለ። ክሩም፣ ዚፑም፣ ማቅለሚያውም በዶላር በሚገዛበት ፋብሪካ ግን ከደመወዝ የተረፈውን ጥሬ ዕቃው ይበላዋል። ቅጥሩ የታለ?

«ደመወዝ ቢጨመር ዋጋ ይንራል» ይሉናል። ዋጋውማ ንሯል! እኛ አልነካነውም!

ነገሩ ተገልብጦ ገንዘብ ከልክ በላይ ሲወደድም ዕዳው የሚወድቀው ያው ደመወዝ ላይ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1925 የፓውንድን ዋጋ ከአቅሟ በላይ በ4.86 ዶላር ሒሳብ መልሳ ከወርቅ ጋር አሰረች፤ ከሰሏም በውጭ ገበያ ተወደደ። የከሰል ማዕድን ባለቤቶች ኪሳራውን ከደመወዝ ሊቆርጡ ሲነሡ ቆፋሪዎቹ እምቢ አሉ፤ በ1926 አገር አቀፍ አድማ ተመታ።

አሁን ወደ መጣሁበት ልግባ። ማኅበርና አሠሪ የሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት፣ ሌላ ካልተጻፈበት፣ ሦስት ዓመት አይነካም። ብዙዎቻችን ንባባችንን እዚህ ላይ እናቆማለን። ሕጉ ግን ይቀጥላል፦ ከፍተኛ የኢኮኖሚ ለውጥ ከተከሰተ ጊዜው ሳያልቅም ማሻሻያ መጠየቅ ይቻላል። ምንዛሪ ወደ እጥፍ ሲጠጋ ከፍተኛ ለውጥ ካልተባለ፣ ምን ሊባል ነው? ጥያቄውን በጽሑፍ አስገቡ። ቀንና ማኅተም ያለበት ግልባጭ በእጃችሁ ይቅር። የስታቲስቲክስ አገልግሎትን ወርኃዊ የዋጋ መረጃ አያይዙ። በአዲሱ ስምምነት ደመወዝ በየስድስት ወሩ ከዚያ መረጃ ጋር ተያይቶ እንዲስተካከል አንቀጽ ይግባ።

የደመወዝ ግብር የሚጀምርበት መነሻም ከ2008 እስከ 2017 በ600 ብር ደርቆ ቆይቶ ነው 2,000 የገባው፤ ዳግም እንዳይደርቅ እንጠይቃለን። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የተጻፈው የደመወዝ ቦርድም የዝቅተኛ ክፍያ ወለል ያውጣ።

የማመልከቻው ናሙና በሩ ላይ ተቀምጧል። ሳትወስዱ እንዳትወጡ።