«ጊዜው አልፎበታል» ለምትሉ፦ ስለ ኒክ ሎው የተደረገ ንግግር

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

አስተባባሪዎቹ «ስለ አንድ የእንግሊዝ ሙዚቀኛ ተናገርልን» ሲሉኝ ምርጫው አላስቸገረኝም። ለንደን ውስጥ ስንት ኮንሰርት አብረን ገብተናል። ብዙዎቻችሁም ቤዝ ጊታር ስጫወት ታውቁኛላችሁ። ስለዚህ ቤዝ አንግቦ ስለሚዘፍን ሰው ባወራ አይገርማችሁም። ሰውየው ኒክ ሎው ይባላል። ግን የሕይወት ታሪኩን ላነብላችሁ ብቻ አልመጣሁም። ሲከነክነኝ የቆየ ነገር አለ፤ እሱን ሳልናገር ከዚህ መድረክ አልወርድም።

በኛ መሀል አንድ ክፉ አባባል ተለምዷል። «ጊዜው አልፎበታል» ይባላል። ዘፋኙ ፀጉሩ ትንሽ ሸበት ሲል ስልኩ መጮህ ያቆማል። አንድ የኮንሰርት አዘጋጅ፣ ስሙን አልጠራም፣ ሁላችንም የምናከብራቸውን አንጋፋ ድምፃዊ ብንጠቁመው «እሳቸውን ማን ሊያይ ይመጣል? ወጣት አምጡልኝ» አለኝ። ያን ቀን ዝም አልኩ። መልሱን ዛሬ እሰጠዋለሁ።

ኒክ ሎው በ1949 ከለንደን ብዙም በማይርቀው ዋልተን ኦን ቴምዝ ተወለደ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው። ገና በወጣትነቱ ብሪንስሊ ሽዋርዝ በሚባል ባንድ ውስጥ ቤዝ ተጫዋች፣ ዘፋኝና የዘፈን ደራሲ ሆነ። በ1970 የባንዱ አስተዳዳሪዎች አንድ ዘዴ ዘየዱ። ከመቶ በላይ ሰው፣ አብዛኛው ጋዜጠኛ፣ አውሮፕላን ላይ ጭነው ኒውዮርክ ወሰዱ። ልጆቹ ፊልሞር ኢስት በተባለው ዝነኛ አዳራሽ ሲጫወቱ አይተው እንዲጽፉላቸው ነው። የሆነው ግን ሌላ ነው። ልጆቹ የቪዛ ጣጣ ገጠማቸውና በካናዳ ዞረው ገቡ። የቪዛን ጣጣ እዚህ ያለን ሁላችን እናውቀዋለን። ጋዜጠኞቹን የያዘው አውሮፕላንም ዘገየ፤ ሰዎቹ ደክመውና ጠጥተው ነው አዳራሽ የደረሱት። ባንዱ በተከራየው መሣሪያ ተጫወተ። ከዚያ በኋላ ጋዜጣው ሁሉ አላገጠባቸው።

ኒክ ያኔ ገና 21 ዓመቱ ነበር። በዚያ ዕድሜ በአገር ሙሉ ጋዜጣ መሳቂያ መሆን ምን ያህል እንደሚሰብር አስቡት። እነሱ ግን አልተበተኑም። አንድ ቤት ውስጥ አብረው እየኖሩ ቀን ከሌት ተለማመዱ። ከዚያ ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን በተባለው ሰፈር፣ ታሊ ሆ የሚባል መጠጥ ቤት ገብተው መጫወት ጀመሩ። ሌሎቹ ባንዶች ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ሶሎ በሚጫወቱበት ዘመን፣ እነሱ የሦስት ደቂቃ ዘፈን ይዘው ወደ ድሮው ሮክ፣ ወደ ካንትሪና ወደ ሶል ተመለሱ። ፐብ ሮክ የሚባለው ነገር ከእንዲህ ዓይነቱ ቤት ወጣ።

በ1974 አንድ ዘፈን አወጡ። «ሰላም፣ ፍቅርና መግባባት ምኑ ያስቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ዘፈን ነው። የጻፈው ኒክ ነው። ወዲያው ማንም አልሰማው። ይህን ዘፈን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ባንዱ ሲበተን ኒክ ፕሮዲዩሰር ሆነ። ስቲፍ ሬከርድስ የተባለው ሙዚቃ አሳታሚ በ1976 ሥራ ሲጀምር ያወጣው የመጀመሪያ ነጠላ ዘፈን የሱ ነበር። በዚያው ዓመት ዘ ዳምንድ ለተባለው ባንድ አንድ ዘፈን ፕሮዲዩስ አደረገ፤ የእንግሊዝ የመጀመሪያው የፓንክ ነጠላ ዘፈን የሚባለው ያ ዘፈን ነው። ከዚያ የዘፋኙን የኤልቪስ ኮስቴሎን የመጀመሪያ አምስት አልበሞች ተከታትሎ ሠራ። ለንደን፣ ኢዝሊንግተን ውስጥ፣ ፓዝዌይ የምትባል ስቱዲዮ ነበረች። ስምንት ትራክ ብቻ ያላት ጠባብ ክፍል ናት። ኒክ እዚያ ገብቶ ቶሎ ቶሎ ይቀዳል። ለዚህም «ባሸር»፣ ቀጥቃጭ እንደማለት፣ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት። ትኩስ ስሜት ካለ ማሳመሩ በኋላ ይደርሳል ባይ ነው። በ1979 ደግሞ ከኢያን ጎም ጋር የጻፈው «ክሩኤል ቱ ቢ ካይንድ» በእንግሊዝም በአሜሪካም 12ኛ ደረጃ ደረሰ። ያን ዓመት የዝነኛውን የአሜሪካ ካንትሪ ዘፋኝ የጆኒ ካሽን የእንጀራ ልጅ ካርሊን ካርተርን አገባ።

እንግዲህ እንደ አዘጋጁ ሒሳብ ከሆነ ታሪኩ እዚህ ያበቃል። 30 ዓመት ሞልቶታል፣ ዘፈኑ ተሰምቷል፣ ይበቃዋል። እውነትም ሰማንያዎቹ ከበዱት። ከዴቭ ኤድመንድስ ጋር የነበረው ባንድ፣ ሮክፓይል፣ በ1981 ተበተነ። መጠጥ በዛ። አልበሞቹ አልተሸጡም። ትዳሩም ኋላ ፈረሰ።

አሁን ዛሬ የመጣሁበትን ታሪክ ስሙኝ። ጆኒ ካሽ አማቹ ነበር ብያችኋለሁ። አንድ ሌሊት ኒክ ቤቱ ቁጭ ብሎ ለአማቹ የሚሆን ዘፈን መጻፍ ጀመረ። በውስጡ ስለሚኖር አውሬ የሚናገር ሰው ዘፈን ነው። ሌሊቱን ሙሉ ራሱን ጆኒ ካሽ አድርጎ እየዘፈነ ጻፈው፤ ድንቅ ሥራ የሠራም መሰለው። ሲነጋ ካሽ ራሱ መጣ። ለኔ የጻፍከው ዘፈን አለ ተብያለሁ፣ እስቲ አሰማኝ አለው። ኒክ እንቅልፍ አላየም፣ ድምፁ ጠፍቷል። ሌሊት ግሩም የነበረው ነገር በዚያ ሰው ፊት ሲዘፈን ባዶ ሆነበት። ካሽ ግን አልናቀውም። ገና አላለቀም፣ ግን ጥሩ ነገር አለው አለ። ከዚያ በኋላ ባገኘው ቁጥር «አውሬው እንዴት ሆነ?» እያለ ይጠይቀው ነበር። ትዳሩ ከፈረሰም በኋላ መጠየቁን አልተወም።

ኒክ ያን ዘፈን ለመጨረስ ከአሥር ዓመት በላይ ፈጀበት። ጆኒ ካሽ በ1994 ባወጣው አልበም ላይ ዘፈነው። ያ አልበም ካሽን እንደገና ያስነሣው አልበም ነው። በዚያው ዓመት ኒክ ራሱም «ዘ ኢምፖሲብል በርድ» በተባለው አልበሙ ላይ አስገባው። ጸሐፊው 45፣ ዘፋኙ 62 ዓመታቸው ነበር። ልብ በሉ፤ ዘፈኑ በሠላሳ ዓመት ዕድሜ ተጀመረ እንጂ ሊያልቅ አልቻለም። ጠጥቶ፣ ተፋቶ፣ ወድቆ ያየ ሰው አስፈለገው። ይህን የትኛው ወጣት ይጨርስልሃል፣ ወንድሜ አዘጋጁ? ሃያ ዳንሰኛ ከኋላው ብታሰልፍለት ይጨርስልሃል?

ከዚያ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በ1992፣ ያ ችላ የተባለው የሰላምና የፍቅር ዘፈን በኩርቲስ ስቲገርስ ድምፅ «ቦዲጋርድ» ፊልም አልበም ውስጥ ገባ። የዊትኒ ሂዩስተንን ያንን አልበም ቤቱ ያልነበረ እዚህ የለም። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ ይነገራል። ለደራሲው የደረሰው ድርሻ ማንንም ሳይለማመጥ የፈለገውን ሙዚቃ ለመሥራት አበቃው።

የፈለገው ደግሞ ወጣት መምሰል አልነበረም። ፀጉሩን አልቀባም፣ ቀጭን ሱሪ ውስጥ አልገባም። ዕድሜዬን እንደ ጉዳት ሳይሆን እንደ ጥቅም እንዴት ልጠቀምበት ብሎ ነው የተነሣው። ድምፁን ዝቅ አደረገ። ባንዱን አንድ ክፍል ሰብስቦ ሁሉም ባንዴ እየተጫወተ ቀዳ። ብቸኛ ስለሆነ ጎልማሳ፣ ሰውን ስለበደለ ወንድ፣ ዘግይቶ ስለመጣ ፍቅር ጻፈ። በ1998 «ዲግ ማይ ሙድ»ን፣ በ2001 «ዘ ኮንቪንሰር»ን አወጣ። እነዚህን አልበሞች ከወጣትነት ሥራዎቹ ጋር አስተያይቼ ሰምቻለሁ። የኋለኞቹ ይበልጣሉ ብዬ እዚህ ቆሜ እመሰክራለሁ።

ወደዚያ ዘፈን ልመለስ። በሃያዎቹ ዕድሜ ሲጽፈው ለቀልድ ያህል ነበር። ዘመኑ ያለፈበት አንድ ሂፒ፣ ወጣቶች እየሳቁበት፣ ሰላምና ፍቅር ምኑ ያስቃል ይላቸዋል። ዛሬ ያን ዘፈን ነጭ ፀጉርና ጥቁር ፍሬም መነፅር ያለው ሽማግሌ፣ አኩስቲክ ጊታር ይዞ፣ በዝግታ ይዘፍነዋል። አሁን ቀልድ የለበትም። አዳራሹ ጸጥ ይላል። ጊዜው ያለፈበት ሰው ጥያቄ ሲጠይቅ የሚስቅ ካለ ይነሣና ይሳቅ!

ሌሎች ነገሮችም ነበሩኝ፣ ሰዓቱ ግን እየሄደ ነው። ስለ ቤዝ አንድ ቃል ልበል። ኒክ በቤዙ አይፎክርም፤ ዘፈኑ የሚፈልጋትን ኖታ መትቶ ያልፋል። ስለ ደራሲም እንዲሁ። ያንን የሰላምና የፍቅር ዘፈን ኤልቪስ ኮስቴሎም ስለዘፈነው ብዙ ሰው የኮስቴሎ ነው ይላል። እኛም ቤት ዘፋኙን እንጂ ግጥምና ዜማ የሠራውን ማን ይጠራል?

ኒክ ዛሬም ይሠራል። ሎስ ስትሬትጃኬትስ ከሚባሉት፣ የሜክሲኮ ትግል ጭንብል አጥልቀው ከሚጫወቱት የናሽቪል ልጆች ጋር ይዞራል። በ2024፣ በ75 ዓመቱ፣ አብረው አዲስ አልበም አውጥተዋል። ልጆቹ እሱን ፈልገው ነው የሚጫወቱት፤ ማንም አዝኖለት አይደለም።

ስለዚህ አስተባባሪዎች፣ የምጠይቃችሁ አለኝ። ለመጪው ኮንሰርት መጀመሪያ የሚደወለው ለዚያ ለተከለከሉት አንጋፋ ድምፃዊ ይሁን። በፕሮግራሙ ወረቀት ላይ የግጥምና የዜማ ደራሲዎቹ ስም ይጻፍ። ቤዙን እኔ እጫወታለሁ፤ ክፍያ አልጠይቅም።

አመሰግናለሁ።