ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የጉንዳን ሰልፍ

ሄኖክ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ፀረ-ተባይ ስለሚጨርሳቸው ጠቃሚ ነፍሳት ነው። ግን መጀመሪያ ስለ ጉንዳኖቼ ልንገርሽ።

ሜሮን፦ አሁንም አሉ?

ሄኖክ፦ አሉ እንጂ! ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ። የስልኬን መብራት ሳበራ ከመስኮቱ ጥግ እስከ ስኳር ዕቃው ድረስ ቀጭን ጥቁር መስመር። ቁጭ ብዬ ማየት ጀመርኩ። አንዷ ጭንቅላቷን የሚያክል ስኳር ይዛ ትመለሳለች። ከፊቷ የምትመጣው ቆም ትልና በአንቴናዋ ነካ ነካ ታደርጋታለች። ከዚያ ይተላለፋሉ።

ሜሮን፦ ሰላም መባባላቸው ነው?

ሄኖክ፦ ማሽተታቸው ነው። የጎጇቸው ልጅ መሆኗን የሚያውቁት በጠረኗ ነው። ምግብ ያገኘችው ደግሞ ስትመለስ ሆዷን መሬት እያስነካች ጠረን ትጥላለች። ሌሎቹ ያንን ተከትለው ነው የሚመጡት። በጣቴ መሃሉን አበስኩት። ወዲያው ግራ ተጋቡ! አንዷ ዞረች፣ አንዷ ቆመች። ቆይታ አንዷ ደፍራ ተሻገረች፤ ሰልፉ ተቀጠለ።

ሜሮን፦ እኔ ብሆን ፍሊት ነፍቼ ተመልሼ እተኛ ነበር።

ሄኖክ፦ አምና እኔም ነፍቻለሁ። በማግስቱ አንድም አልነበረም። በሦስተኛው ቀን በሌላኛው ግድግዳ መጡ። የምትገድዪው እኮ ምግብ ፍለጋ የወጡትን ብቻ ነው። ንግሥቲቱ ጎጆዋ ውስጥ እንቁላሏን ትጥላለች። በቤተ ሙከራ 28 ዓመት የኖረች የጉንዳን ንግሥት አለች!

ሜሮን፦ 28 ዓመት?

ሄኖክ፦ 28! ግን አምና ስነፋ ልቤን የነካው ጉንዳኑ አይደለም። መስኮቱ ሥር አንዲት ንብ በጀርባዋ ወድቃ እግሯን ታወራጫለች። ክንፏ ይንቀጠቀጣል። ቶሎ እንኳን አልሞተችም። እሷ ምን አደረገችኝ?

ሜሮን፦ ውይ፣ ስታሳዝን።

ሄኖክ፦ አብዛኛው ፀረ-ተባይ የሚመታው ነርቭ ነው። ይቺ ንብ ናት፣ ያቺ ጉንዳን ናት ብሎ አይለይም። እርሻ ላይ ደግሞ ኒዮኒኮቲኖይድ የሚባሉት አሉ፤ ዘሩ ላይ ተቀብተው እስከ አበባው ወለላ ድረስ ይዘልቃሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ሦስቱን ከግሪን ሃውስ ውጭ ጥቅም ላይ እንዳይውሉ የከለከለው በንብ ምክንያት ነው።

ሜሮን፦ በንቧ ተስማምቻለሁ። ጉንዳን ግን... ጽጌረዳዬን ያስጨረሱት እነሱ ናቸው! ክሽክሹ፣ ያ የተክል ጭማቂ የሚመጠው ትንሽ ተባይ፣ የሚያወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ይልሳሉ፣ ሊበላው የመጣውን ጥንዚዛ ያባርራሉ። እረኛ በላቸው!

ሄኖክ፦ እሱ እውነት ነው። ግን ስትረጪ ጥንዚዛዋም ትሞታለች። ክሽክሽ በቀናት ውስጥ ይራባል፤ እሷ ተመልሳ እስክትበዛ ሳምንታት ይፈጃል። ደግሞ በደቡብ ቻይና ገበሬዎች ተባይ እንዲበላላቸው ብለው የጉንዳን ጎጆ ብርቱካን ዛፍ ላይ ከ1,000 ዓመት በላይ ሲሰቅሉ ኖረዋል።

ሜሮን፦ ብርቱካኑ ላይ ይሁኑ። ጽጌረዳዬ ላይ አልፈልጋቸውም።

ሄኖክ፦ ቅጠሉን ገልብጠሽ በውሃ በኃይል እጠቢው። ክሽክሹ ከረገፈ ጉንዳኑ ምን ሊሠራ ይወጣል?

ሜሮን፦ እሺ፣ እሞክረዋለሁ። ካልሠራ ግን...

ሄኖክ፦ ካልሠራ እንነጋገራለን። እኔ መስመሩን በሳሙና ውሃ ጠረግኩት፣ ጠረኑ ጠፋ። ስንጥቁን ደፈንኩ። የስኳሩን ዕቃ ውሃ ያለበት ሳህን መሃል አስቀመጥኩት። ይኸው ነው፤ ምንም አልነፋሁም።

ሜሮን፦ እና ሄዱ?

ሄኖክ፦ ከወጥ ቤቱ ወጥተዋል። ትናንት በመስኮቱ ውጪ አየኋቸው። የሞተች ዝንብ ለስድስት ሆነው ይጎትታሉ። አንዷ ወደ ኋላ ትስባለች፣ አምስቱ ወደ ፊት።

ሜሮን፦ ስንት ሰዓት ላይ ነው ይሄ?

ሄኖክ፦ ሌሊት 9 ሰዓት።