የብረት ዳሌና የጡት ኢምፕላንት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ አባቴ እ.ኤ.አ. በ2009 እዚሁ አሜሪካ የዳሌ መገጣጠሚያቸውን በብረት አስቀይረዋል። አንዳንድ የብረት ዳሌዎች ከገበያ እንደተሰበሰቡ ዘንድሮ ሰማን። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ሳይፈቅዳቸው ነው የተሸጡት?

መልስ፦ ፈቅዷቸዋል፤ ችግሩ ፈቃዱ የተገኘበት መንገድ ነው። 510 ኬ በሚባለው አሠራር አምራቹ መሣሪያው ቀድሞ ከተፈቀደ ሌላ መሣሪያ ጋር በመሠረቱ ተመሳሳይ መሆኑን ካስረዳ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሰው ላይ ሳይሞከር ይሸጣል። የዲፑይ ኩባንያ ኤኤስአር ኤክስኤል ዳሌ በ2005 ያለፈው እንዲህ ነው። ጽዋ መሰሉ ክፍሉ ጥልቀት ስለሚያንሰው ጭነቱ ጠርዙ ላይ ያርፋል፤ ብረት ከብረት ሲፋተግ የሚረግፈው የኮባልትና የክሮሚየም ብናኝ በዙሪያው ያለውን ሥጋና አጥንት ይጎዳል። ኩባንያው በኦገስት 2010 ሲሰበስበው፣ የእንግሊዝና ዌልስ የመገጣጠሚያ ቅየራ መዝገብ እንዳሳየው ከ100 ታካሚ 13 ያህሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ዳግም ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል።

አይደንግጡ፤ በአብዛኛው ሰው ሠራሽ ዳሌ የጭኑ ኳስ የሚያርፈው ብረት ላይ ሳይሆን ፕላስቲክ ላይ ነው። ቀዶ ሕክምናው የተደረገበትን ሆስፒታል መዝገብ ክፍል የቀዶ ሕክምናውን ማስታወሻና የመሣሪያውን ተለጣፊ ወረቀት ቅጂ ይጠይቁ። የሞዴሉ ስምና የምርት ቁጥሩ እዚያ ላይ አለ። የቆየ መዝገብ ሊወገድ ስለሚችል ነገ ዛሬ አይበሉ።

ኤኤስአር ከሆነ አባትዎ ባያማቸውም የኮባልትና የክሮሚየም የደም ምርመራ ያሠሩ። ደሙ ለብረት ምርመራ በተዘጋጀ ብልቃጥ መወሰድ አለበት፤ ተራው ብልቃጥ ውጤቱን ከፍ አድርጎ ሊያሳስት ይችላል። የብሪታንያ የሕክምና መሣሪያ ተቆጣጣሪ በሊትር 7 ማይክሮግራምን እንደ ማስጠንቀቂያ ወስዶ፣ ከዚያ ካለፈ በሦስት ወር እንዲደገም መክሯል። ኤክስሬይ የሥጋ ጉዳት አያሳይም፤ የብረት ጥላን የሚቀንስ ኤምአርአይ ይጠይቁ። ብሽሽት ላይ ሕመም፣ የመስማት ወይም የማየት መድከም፣ የልብ ድካም ከመጣ ለየትኛውም ሐኪም «የብረት ዳሌ አለኝ» ይበሉ። ካልነገሩት ምልክቱንና ዳሌውን የሚያገናኝ ሐኪም ጥቂት ነው።

ጥያቄ (በስልክ)፦ ገጹ ሻካራ የሆነ የጡት ኢምፕላንት አለኝ። ምንም አያመኝም። ላስወጣው?

መልስ፦ በጁላይ 2019 የተሰበሰበው የአለርጋን ባዮሴል ቢሆን እንኳ ምልክት ከሌለዎት ኤፍዲኤ ማስወጣትን አይመክርም። የሚያሰጋው በኢምፕላንቱ ዙሪያ የሚፈጠር ሊምፎማ፣ ማለትም የበሽታ መከላከያ ሴሎች ካንሰር ነው። ዋናው ምልክቱ ከዓመታት በኋላ በአንድ ጡት በኩል በድንገት የሚመጣ እብጠት ነው። በመርፌ የሚቀዳው ፈሳሽ ሳይደፋ ይህን ካንሰር ለመለየት ለሚረዳው የሲዲ 30 ፕሮቲን ምርመራ መላክ አለበት። ይህን አጥብቀው ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ እዚህ የተተከለ መሣሪያ ቢበላሽ ለማን ይነገራል?

መልስ፦ ለሐኪምዎ፣ ከዚያም ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ8482። የወጣው መሣሪያ እንዳይጣል ከቀዶ ሕክምናው በፊት በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ያለ እሱ የብልሽቱን ምክንያት መመርመር ይከብዳል።