እንጉዳዩ ያድናል ወይስ ያጠግባል? የሐዋሳ አድማጮች ጥያቄና መልስ

በአሞራ ገደል አካባቢ፣ በሐይቁ ዳር የተካሄደው የእንጉዳይ ፌስቲቫል ካበቃ ወዲህ ስልካችን አላረፈም። ከደረሱን ጥያቄዎች የተመረጡትን የእንጉዳይ ልማት ባለሙያዋ እንደሚከተለው መልሰዋቸዋል።

ከታቦር ክፍለ ከተማ አንዲት እናት፦ ባለቤቴ የስኳር ሕመምተኛ ናቸው። እንጉዳይ መድኃኒት እንደሆነ ፌስቲቫሉ ላይ ሰማሁ። አንድ ሻጭም የእንጉዳይ ዱቄት ያለበት ቡና ስኳርን ያድናል ብሎ በውድ ሸጠልኝ። ኪኒናቸውን ያቁሙ?

እናቴ፣ ኪኒናውን በፍጹም እንዳያቆሙ። እንዲህ ባለ ቡና ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ጋኖደርማ የሚባል፣ እንደ እንጨት የጠነከረ እንጉዳይ ነው። በቻይናና በጃፓን በባህል መድኃኒትነት ለዘመናት አገልግሏል። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት መረብ በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ ግን፣ ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም ያለባቸውን ሰዎች ይረዳል የሚያሰኝ በቂ ማስረጃ አላገኘም። ባለቤትዎ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ የመድማት አደጋን ሊጨምር ስለሚችል፣ ማሸጊያውን ይዘው ለሐኪማቸው ያሳዩ። የታመመ ሰው ያለበትን ቤት እያንኳኳ ተስፋ የሚሸጥ ነጋዴ በጣም ያናድደኛል።

ፌስቲቫሉ ላይ የሰሙት ግን መሠረት አለው። በ1928 እ.ኤ.አ. የተገኘው ፔኒሲሊን ከሻጋታ የመጣ ነው፤ ሻጋታም እንጉዳይም የፈንገስ ወገን ናቸው። የተተከለ ኩላሊትን ሰውነት እንዳይገፋው የሚያደርገው ሳይክሎስፖሪን የተገኘው አፈር ውስጥ ከሚኖር ፈንገስ ነው። በ1987 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው የኮሌስትሮል መድኃኒት፣ ሎቫስታቲን፣ ከሻጋታ የወጣ ሲሆን፣ ያው ንጥረ ነገር በጥቂቱ ኦይስተር በሚባለው የሚበላ እንጉዳይ ውስጥም ይገኛል። ጃፓኖችም ከሺታኬ እንጉዳይ ያወጡትን ሌንቲናን ከካንሰር መድኃኒት ጋር በመርፌ ሲሰጡ ቆይተዋል። ልብ ይበሉ፤ ሁሉም መድኃኒት የሆኑት ንጥረ ነገሩ ተነጥሎ፣ መጠኑ ተለክቶ፣ በሰው ላይ ከተፈተነ በኋላ ነው። ድስት ውስጥ ያለው እንጉዳይ ምግብ ነው፤ ለባለቤትዎም ጥሩ ምግብ ነው። ስኳሩ ዝቅተኛ ነው፣ አሰር አለው፤ ከመጠበሱ በፊት ተከትፎ ፀሐይ ቢነካው ደግሞ ቫይታሚን ዲ ያዳብራል።

ካፋ ያደጉ፣ አሁን ሐዋሳ የሚኖሩ አባት፦ ክረምት ሲገባ ከኩይሳ ላይ የሚበቅለውን እንለቅም ነበር። ከብትና ትል የበላው አይመርዝም ይባላል። እውነት ነው?

የኩይሳው እንጉዳይ ድንቅ ፍጥረት ነው። ምስጦቹ ያኘኩትን ሣርና እንጨት ከጎጇቸው ውስጥ ከምረው ፈንገሱን ያለሙበታል፤ ዝናቡ ሲመጣ ባርኔጣው አፈሩን ሰንጥቆ ይወጣል። እርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ ከሚያውቁ ሰዎች ጋር የለቀሙት ስለሆነ ዕውቀትዎን አከብራለሁ። የከብቱና የትሉ ምልክት ግን ስንት ሰው የገደለ ስሕተት ነው። ለእኛ መርዝ የሆነውን እንጉዳይ ትል ያለ ችግር ሊበላው ይችላል። አማቶክሲን የሚባለውን መርዝ መቀቀልም ማድረቅም አያጠፋውም።

ሰዎች የማያውቁት ዋናው ነገር ሰዓቱ ነው። በበሉ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ የሚያስመልስ እንጉዳይ ብዙውን ጊዜ ሆድ አመሰቃቅሎ ያልፋል። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ዘግይቶ ትውከትና ተቅማጥ ሲጀምር ግን የአማቶክሲን ምልክት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ሕመምተኛው የተሻለው ይመስላል፤ ቤተሰብም እፎይ ይላል፤ ጉበቱ ግን ውስጥ ውስጡን እየተጎዳ ነው። ስለዚህ «ተሽሎታል» ብላችሁ ቤት አታቆዩት። የተረፈውን እንጉዳይ በወረቀት ጠቅልላችሁ ወዲያውኑ ሆስፒታል ሂዱ። የማታውቁትን ነጭ እንጉዳይ ከሣር ላይ ለቅመው የሚመጡ ልጆች ካሉም ዛሬውኑ ምከሯቸው።

ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ አንድ ወጣት፦ በቡና ገለፈት ኦይስተር እንጉዳይ ጀመርኩ። ከረጢቶቹ አረንጓዴ ሻጋታ አወጡ። ምን አጠፋሁ?

ወንድሜ፣ ገለፈቱን መምረጥህ ጥሩ ነው። በሲዳማ ቡና አካባቢ ተርፎ ወንዝ የሚበክል ነገር ነውና፣ ወደ ምግብ ሲለወጥ ማየት ደስ ያሰኘኛል። አረንጓዴው ትራይኮደርማ የሚባል ሻጋታ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ የሚገባው በሦስት በር ነው፦ ውሃ የበዛበት መደብ (እንጉዳዩ የሚበቅልበት ገለፈት)፣ በደንብ ያልሞቀ መደብ፣ ከልክ ያለፈ ፉርሽካ። የውሃውን መጠን በእጅህ ፈትን። አንድ እፍኝ ወስደህ አጥብቀህ ጨምቅ፤ በጣቶችህ መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቻ ከወጣ ልክ ነው። ከተንጠባጠበ አስፋፍተህ አንጠፍጥፈው፤ ምንም ካልወጣ ትንሽ ውሃ ጨምርበት።

ቀጥሎ ከ65 እስከ 80 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ለአንድ ሁለት ሰዓት አቆየው፤ በንጹሕ ቦታ ቀዝቅዞ ለብ እንኳ እንዳይል ጠብቀህ ዘሩን ጨምር። ትኩስ መደብ ዘሩን ይገድለዋል፣ ሜዳውም ለሻጋታው ይቀራል። አረንጓዴ የሆኑትን ከረጢቶች ክፍሉ ውስጥ አትክፈታቸው፤ ከቤት አርቀህ ቅበራቸው።

ከሀዌላ ቱላ፦ እንጉዳይ የጾም ነው?

በሳይንሱ እንጉዳይ እንስሳም ዕፅዋትም አይደለም። ሰዎች በጾም ሲበሉት አያለሁ፤ የሥርዓቱ ጥያቄ ግን የአባቶች ስለሆነ የንስሐ አባትዎን ይጠይቁ።

ከሐይቅ ዳር፦ ማምረቻ ክፍሌ ስገባ ደረቅ ሳል ይይዘኛል።

የሚያስልዎ እንጉዳዩ የሚረጨው ስፖር፣ ማለትም እንደ ዱቄት የላመ የመራቢያ ብናኝ፣ ሊሆን ይችላል፤ ቸል አይበሉት። ኦይስተር ባርኔጣው ጠርዙ ወደ ላይ ከመገልበጡ በፊት ይልቀሙት፤ ያን ጊዜ የሚረጨው ስፖር ያነሰ ነው፣ ጣዕሙም የተሻለ ነው። ክፍሉን አየር ያስገቡበት፤ አፍና አፍንጫዎን በደንብ የሚሸፍን ጭምብል ያድርጉ። ሳሉ ከትኩሳትና ከትንፋሽ ማጠር ጋር ከመጣ ግን ሥራውን አቁመው ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ እንጉዳይ እንደሚያለሙም ይንገሩት።