መሃል ያለው ክለብ ወዴት ይመደብ?

[ምስል፦ በአንድ ጠባብ ቡና ቤት ጠረጴዛ ላይ የተደረደሩ አሥራ ሁለት ሲኒዎች]

እነዚህ አሥራ ሁለት ሲኒዎች አሥራ ሁለት የእግር ኳስ ክለቦች ናቸው እንበል። ጠረጴዛው አገሩ ነው። የተቀመጥኩት ስታዲየም አካባቢ፣ ከለገሐር ብዙም በማይርቅ ቡና ቤት ውስጥ ነው፤ ሲኒዎቹን ያዋሱኝ የቤቱ ባለቤት ናቸው። አራቱ ሲኒዎች ወደ ላይኛው የጠረጴዛው ጠርዝ ተጠግተዋል። ሰባቱ ታች ተሰብስበዋል። አንዷ ብቻዋን መሃል ላይ ቆማለች።

አሁን ስድስት ስድስት አድርጋችሁ ለሁለት ምድብ ክፈሏቸው። አንዱ ሰሜን፣ ሌላው ደቡብ ይባል።

[ምስል፦ እጅ ሲኒዎቹን አንድ በአንድ ወደ ላይ ሲያስጠጋ]

የላይኞቹ አራቱ አያከራክሩም። የመሃሏን ስንጨምር አምስት ሆኑ። አንድ ይጎድላል። ስለዚህ ታች ተሰብስበው ከነበሩት ሰባቱ መካከል አንዷን ከጎረቤቶቿ ነጥለን ወደ ላይ መላክ አለብን። ይህች ሲኒ ያጠፋችው ጥፋት የለም። ደንብ አልጣሰችም፣ ዕዳ አላስቀረችም። ያስመረጣት የተቀመጠችበት ቦታ ብቻ ነው። ዛሬ የምናወራው ስለዚህች ሲኒ ነው።

ለመሆኑ ምድብ ለምን ያስፈልጋል? ሁሉም ከሁሉም ጋር ቢጫወት ምን ነበረበት? መልሱ ገንዘብና ጊዜ ነው። 24 ክለቦች ያሉት ሊግ በደርሶ መልስ ሲካሄድ እያንዳንዱ ክለብ 46 ጨዋታ ያደርጋል፤ ከእነዚህ 23ቱ ከሜዳው ውጪ ናቸው። ሃያ ሦስት ጊዜ አውቶቡስ መከራየት፣ ሃያ ሦስት ጊዜ ነዳጅ፣ ምግብ፣ አንዳንዴም አልጋ። ከቴሌቪዥን መብት ገቢ የሚያገኝ ትልቅ ክለብ ይችለዋል። ተጫዋቾቹ ቀን ሥራ ውለው ማታ ልምምድ የሚሠሩለት ክለብ ግን አይችለውም። ስለዚህ የዓለም ሊጎች ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ለአካባቢ ይከፋፈላሉ።

[ምስል፦ ከላይ ጠባብ፣ ከታች ሰፊ የሆነ የእርከኖች ሥዕል]

አሠራሩን ለማየት እንግሊዝን ልውሰድ፤ እዚያ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ መከታተል ይቻላል። ፕሪሚየር ሊጉና ከሥሩ ያሉት ሦስት ሊጎች በድምሩ 92 ክለቦች አሏቸው፤ አራቱም አገር አቀፍ ናቸው። አምስተኛው እርከን፣ ናሽናል ሊግ፣ በ24 ክለቦቹ አገሩን ሙሉ ያካልላል። ስድስተኛው ላይ ግን ውድድሩ ናሽናል ሊግ ሰሜን እና ናሽናል ሊግ ደቡብ ተብሎ ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ 24 ክለብ አለ። ሰባተኛው እርከን አራት ምድብ፣ ስምንተኛው ስምንት ምድብ አለው።

አሁን ወደ ስሌቱ። በየዓመቱ ከናሽናል ሊግ አራት ክለቦች ወደ ስድስተኛው እርከን ይወርዳሉ። ከሰባተኛው እርከን አራት ምድቦች ደግሞ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ ስምንት ክለቦች ያድጋሉ። እንግዲህ ሰሜንና ደቡብ ከሚይዟቸው 48 ክለቦች 12ቱ በየዓመቱ አዲስ ገቢ ናቸው። እነዚህ 12 ክለቦች ከየት እንደሚመጡ ማንም አይወስንም፤ የሚወስነው ሜዳ ላይ የተገኘው ውጤት ነው። ወራጆቹ አራቱም የደቡብ ክለቦች ሊሆኑ ይችላሉ። እንደዚያ ሆኖ ሳለ ድልድሉ 24 ለ24 መውጣት አለበት። ቁጥሩ ስለማይነቃነቅ የሚነቃነቀው መስመሩ ነው። አምና ደቡብ የነበረ ከተማ ዘንድሮ ሰሜን የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ድልድሉን የሚሠራው የእግር ኳስ ማኅበሩ ኮሚቴ ነው። የውድድር ዓመቱ ተጠናቆ ወራጅና አዳጊው ሲታወቅ ካርታው እንደገና ይዘረጋል። ያልተስማማ ክለብ ይግባኝ ማለት ይችላል። ነገር ግን እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ፤ አንዱ ክለብ ይግባኙ ተሰምቶለት ቢወጣ ሌላው በቦታው መግባት አለበት። ይግባኙ በኮሚቴው ላይ የቀረበ ይመስላል እንጂ ጎረቤትን የሚነካ ነው።

[ምስል፦ ለንደንን እና ሰሜን እንግሊዝን የሚያሳይ ካርታ]

ቢሾፕስ ስቶርትፎርድ የሚባል ክለብ አለ። ከተማው ከለንደን ሰሜን ምሥራቅ፣ ከስታንስቴድ አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2023 አደገና ለ2023/24 የውድድር ዓመት ናሽናል ሊግ ሰሜን ውስጥ ተመደበ። በዚያ ምድብ በኒውካስል አቅራቢያ ያለው ብላይዝ ስፓርታንስም ነበር፤ በመንገድ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፣ ያውም ለመሄጃ ብቻ። ቢሾፕስ ስቶርትፎርድ የመጨረሻ ሆኖ ወረደ። ከእሱ ጋር የወረዱት ግሎስተር ሲቲ፣ ባንበሪ ዩናይትድ እና ራሱ ብላይዝ ስፓርታንስ ናቸው። ካርታውን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ፤ ከአራቱ ወራጆች ሦስቱ በምድቡ ደቡባዊ ዳርቻ ላይ የነበሩ ናቸው፣ አራተኛው ደግሞ በሰሜን ጥግ። አንድ ክለብ የሚወርደው በጉዞ ብቻ አይደለም፤ ቡድኑ ደካማ ሊሆን ይችላል፣ ገንዘብ ሊያጥረው ይችላል። ቢሆንም ይህን ሰንጠረዥ አይቶ «ርቀት ምንም አላደረገም» የሚል ሰው ማክሰኞ ማታ ተጫውቶ ሌሊቱን አውቶቡስ ውስጥ አድሮ ረቡዕ ጠዋት ሥራ የገባ ተጫዋች አላጋጠመውም።

ችግሩ አዲስ አይደለም። ከ1921 እስከ 1958 የእንግሊዝ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ራሱ ሰሜንና ደቡብ ተብሎ የተከፈለ ነበር፤ ከእያንዳንዱ የሚያድገውም አንድ ሻምፒዮን ብቻ። ዎልሶል የሚባለው የመካከለኛው እንግሊዝ ክለብ በእነዚያ ዓመታት አንዴ ሰሜን፣ አንዴ ደቡብ፣ ደግሞ ሰሜን፣ ደግሞ ደቡብ ሲመላለስ ኖረ። ከተማው ከቦታው ፈቀቅ አላለም። በ1958 ክፍፍሉ ቀረና የሁለቱ ምድቦች የላይኛው አጋማሽ ሦስተኛ፣ የታችኛው አጋማሽ አራተኛ ዲቪዚዮን ሆነ።

[ምስል፦ ወደ ሲኒዎቹ መመለስ፤ በሲኒዎቹ መካከል የተዘረጋ ክር]

ክሩን እዩት። ኮሚቴ ድልድል ሲሠራ «የተሻለው» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛው፣ የሁሉም ክለቦች ጉዞ ተደምሮ ትንሹን ኪሎ ሜትር የሚሰጠው ድልድል ነው። ይህ በወረቀት ላይ ያምራል። ጉድለቱ ግን አሥራ አንዱ ክለቦች ትንሽ ትንሽ ሲያተርፉ አሥራ ሁለተኛው ሸክሙን ሁሉ ሊሸከም መቻሉ ነው፤ ድምሩ የአንዱን ስቃይ ይሸፍነዋል። ሁለተኛው፣ ከሁሉም በላይ የሚጓዘው ክለብ ጉዞ እንዲያጥር የሚጥር ድልድል ነው። በዚህ መንገድ ድምሩ ትንሽ ይጨምራል፣ ብዙዎቹ ጥቂት ጥቂት ይጨመርባቸዋል፣ ነገር ግን ማንም ብቻውን አይጎዳም። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሊግ የሚኖረው ሁሉም ክለቦች እስከ መጨረሻው ጨዋታ መድረስ ሲችሉ ነው፤ አንዱ በመሃል ገንዘብ አልቆበት ቢወጣ የሁሉም ነጥብ ይታወካል።

አሁን ወደ እኛ።

[ምስል፦ የኢትዮጵያ ካርታ፤ ከአዲስ አበባ የሚወጡ መስመሮች]

አዲስ አበባ መሃል ናት። ወደ ባሕር ዳርም፣ ወደ ድሬዳዋም፣ ወደ አርባ ምንጭም በመኪና ስትሄዱ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። የአዲስ አበባን ክለብ በየትኛውም ምድብ ብታስገቡት የካርታ ምክንያት አይጠፋም። በዎልሶል ታሪክ ከሄድን ይህ መጥፎ ዕድል መሆን ነበረበት። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው።

ከፕሪሚየር ሊጉ ቀጥሎ ያለው ከፍተኛ ሊግ ሀ፣ ለ እና ሐ በሚባሉ ሦስት ምድቦች ሲካሄድ የየምድቡ አንደኛ ያድግ ነበር። በ2014 ዓ.ም ያደጉት ኢትዮ ኤሌክትሪክ፣ ኢትዮጵያ መድን እና ለገጣፎ ለገዳዲ ናቸው። ሁለቱ የአዲስ አበባ ክለቦች ናቸው፤ ሦስተኛው ከከተማዋ ጫፍ ወጣ ሲሉ የሚገኝ ነው። ሦስቱም በአንድ ዓመት ማደግ የቻሉት በሦስት የተለያዩ ምድቦች ስለነበሩ ነው። ድልድሉ ጎረቤትን ከጎረቤት የሚያስቀምጥ የአካባቢ ድልድል ቢሆን ኖሮ ሦስቱ እርስ በርስ ተያይዘው አንዱ ብቻ ያልፍ ነበር። ኢትዮጵያ መድን በ2017 ዓ.ም የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ አነሣ። ከእሱ በፊት በ2016 ዓ.ም ዋንጫውን የወሰደው ንግድ ባንክም ከከፍተኛ ሊግ ያደገው በ2015 ዓ.ም ነበር። በታችኛው ሊግ አንድን ክለብ ከየትኛው ምድብ እናስቀምጠው የሚለው ጥያቄ ከአንድና ከሦስት ዓመት በኋላ ዋንጫው ማን ደጅ እንደሚገባ ይነካል ማለት ነው።

ምድብ እንግዲህ የነዳጅ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የማደጊያ በርም ነው። ጀርመንን ያየ ይህን ያውቃል። እዚያ አራተኛው እርከን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2012 ጀምሮ በአምስት አካባቢዎች ተከፍሏል፣ የማደጊያው ቦታ ግን አራት ነው። አምስት ሻምፒዮኖች፣ አራት ወንበሮች። ስለዚህ በየዓመቱ ሁለት ሻምፒዮኖች እርስ በርስ ተጋጥመው አንዱ ዓመቱን ሙሉ አሸንፎ ሳለ ባለበት ይቀራል። ይህ ያሳዝነኛል።

እኛ ዘንድ ካርታውን የሚለውጥ ሌላም ነገር አለ፤ ውድድርን በተመረጡ ከተሞች ማካሄድ። ፕሪሚየር ሊጉ በ2013 ዓ.ም በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋ እና በሀዋሳ እየተዘዋወረ ተካሂዷል፤ ከፍተኛ ሊጉም በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ አይተናል። በዚህ አሠራር ርቀት የሚለካው ከክለብ ወደ ክለብ መሆኑ ይቀርና ከክለብ ወደ አስተናጋጅ ከተማ ይሆናል። የአውቶቡሱ ወጪ ይቀንሳል፣ የሆቴሉና የውሎ አበሉ ይጨምራል። ከሁሉም የሚከፋው ደጋፊው ክለቡን በሜዳው ማየት አለመቻሉ ነው።

[ምስል፦ ቡና ቤቱ ውስጥ፤ ፊታቸው የማይታይ አንድ አረጋዊ እጃቸውን ወደ ሲኒዎቹ ሲዘረጉ]

ይህን ስቀርጽ አጠገቤ ተቀምጠው የነበሩ አንድ አባት ሲኒዎቹን ሲያዩ ቆዩና «ልጄ፣ የቱ ነው የእኛ?» አሉኝ። ለብዙ ዓመታት በታችኛው ሊግ ለሚጫወት ክለብ ትጥቅ ያዥ ነበሩ።

«ይቺ የመሃሏ ናት፣ አባባ» አልኳቸው።

ሲኒዋን አንሥተው ወደ ላይ፣ ከዚያ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎን ወሰዷት። ሁሉም ጋ ሄደዋል። አንድ ዓመት ክለባቸው የትኛው ምድብ ውስጥ እንዳለ የሰሙት ውድድሩ ሊጀመር ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነበር። በጀቱ አስቀድሞ ጸድቆ ስለነበር መንገዱ ሲረዝም የሚጨመር ገንዘብ አልነበረም፤ ከሁለተኛው ዙር በኋላ ተጫዋቾቹ ዳቦና ሙዝ ይዘው ይጓዙ ነበር። «መራቁን እንችለው ነበር» አሉኝ፣ «ቀድሞ ቢነገረን።»

ከቁጥሮቹ ሁሉ ይልቅ ይህ አነጋገራቸው አብሮኝ ቀርቷል። ዕጣም ይሁን ካርታ፣ ድልድሉ በምን መስፈርት እንደሚሠራ ክለቦች በጀታቸውን ከማጽደቃቸው በፊት በጽሑፍ ሊያውቁት ይገባል። ከሁሉም በላይ እንዲጓዝ የተፈረደበት ክለብ ደግሞ ከምድቡ የጋራ ገንዘብ የመንገድ ድጎማ ቢያገኝ ፍትሕ ነው፤ የተጓዘው ለራሱ ብሎ ሳይሆን ቁጥሩ እኩል እንዲሆን ነውና። ሁለት ዓመት በተከታታይ የሩቁ ምድብ የደረሰውም በሦስተኛው ዓመት ከመነሣት ነጻ ይሁን።

አባባ ሲኒዋን ሁለቱ ምድቦች በሚገናኙበት ቦታ መልሰው አስቀመጧት። የቤቱ ባለቤት ቡና ቀዱባት።