ሕመሙ አለ፣ ግን ራቅ ብሏል

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሐሙስ ማታ፣ እዚህ ነታንያ፣ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ትራስ ከወገቤ ጀርባ አድርጌ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ እናቴ የአቦሉን ስኒ እያቀበለችኝ «ወገብህ እንዴት ዋለ?» ስትል ጠየቀችኝ። «አለ እማዬ፣ ግን ራቅ ብሏል» አልኳት። ከዚያ ወዲህ ይህ መልስ ከአእምሮዬ አልወጣም፤ ሕመም ከቦታው ሳይነሣ እንዴት ይርቃል?

ከ8 ዓመት በፊት ዲስኬ ተንሸራቶ ነርቭ ስለተጫነ፣ ሕመሙ ከወገቤ ተነሥቶ በግራ ዳሌዬ በኩል እስከ እግሬ ጣቶች ይወርዳል። ጠዋት ካልሲ ለማጥለቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ግራ እግሬን በፎጣ ጠልፌ ወደ ራሴ እስባለሁ። ብዙ መድኃኒት ከሞከርኩ በኋላ ሐኪሜ ካናቢስ ያለበት ዘይት ፈቀደችልኝ፤ በምሽት ጥቂት ጠብታ ከምላሴ ሥር አደርጋለሁ። (ዕፀ ፋሪስ ያላልኩት፣ ይህ ስም አስተናግር ለሚባለው መርዛማ ተክልም ስለሚሰጥ ነው።)

ዋናው ንጥረ ነገር ቲኤችሲ ነው፤ ራፋኤል መሹላም እና የሒኤል ጋኦኒ በ1964 እዚሁ እስራኤል ውስጥ ለይተው አወጡት። በ1992 ደግሞ አንጎል ራሱ ተመሳሳይ ሥራ የሚሠራ አናንዳማይድ የተባለ ንጥረ ነገር እንደሚያመነጭ ታወቀ። አንዱ የነርቭ ሕዋስ ለሌላው መልእክት ሲልክ፣ መልእክት የበዛበት ተቀባዩ ሕዋስ እንዲህ ያለውን ንጥረ ነገር ወደ ኋላ ይመልሳል፤ እሱም በላኪው ሕዋስ ላይ ባለው፣ ሲቢ1 በሚባለው መቀበያ ላይ አርፎ «በቃ፣ ቀስ በል» እንደማለት ያረግበዋል። ቲኤችሲ የሚያርፈው በዚሁ መቀበያ ላይ ነው። ሲቢ1 ከአከርካሪ የሚመጣውን የሕመም መልእክት በሚቆጣጠረው የመካከለኛው አንጎል ክፍልም፣ ስሜትን በሚያስተናግዱት ክፍሎችም በብዛት ይገኛል።

እኔ ከሁሉም በላይ ክብደት የሰጠሁት በ2018 ለታተመው የቴል አቪቭ ጥናት ነው፤ የተጠኑት እንደ እኔው ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ የነርቭ ሕመም ያለባቸው 15 ወንዶች ነበሩና። በአንድ ቀን ቲኤችሲ፣ በሌላ ቀን ባዶ ማስመሰያ ተሰጥቷቸው አንጎላቸው በኤምአርአይ ታየ። ከ100 በአማካይ 53 የነበረው ሕመማቸው በቲኤችሲ ወደ 35፣ በማስመሰያው ወደ 43 ወረደ። አንጎል ውስጥ የታየው ለውጥ ደግሞ ስሜትን በሚያስተናግደው የፊተኛው ሲንጉሌት ኮርቴክስ በተባለው ክፍል እና የሰውነትን ስሜትና እንቅስቃሴ በሚመራው ክፍል መካከል ያለው ግንኙነት መላላቱ ነበር፤ ግንኙነቱ ይበልጥ በላላባቸው ሰዎች ሕመሙም ይበልጥ ቀነሰ።

አማርኛችን ሕመምን እና ሥቃይን በሁለት ቃል መለየቱ ትክክል እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ነርቬ ዛሬም ተጭኗል፤ የላላው ሕመሙን ከጭንቀት ጋር ያሰረው ገመድ ነው። ከዓመታት በፊት አንድ ሐኪም «ችግሩ ጭንቅላትህ ውስጥ ነው» ብሎኝ፣ እንደ ውሸታም የቆጠረኝ መስሎኝ አልቅሼ ነበር። ሕመም አንጎል ውስጥ መቀናበሩ የፈጠራ እንደማያደርገው ያን ቀን የሚያስረዳኝ ባገኝ ኖሮ፣ ምን ያህል እፎይ ባልኩ።

ነገሩን ላጋንነው ግን አልፈልግም። በ2025 ይፋ በሆነ ጥናት፣ ሥር የሰደደ የታችኛው ወገብ ሕመም ባለባቸው 820 ሰዎች ላይ የተሞከረ አንድ የካናቢስ መድኃኒት ከማስመሰያው በልጦ የተገኘው፣ ከ10 ነጥብ በ0.6 ያህል ብቻ ነው። ማዞርና ድካም ያመጣል፤ እኔም በወሰድኩበት ምሽት መኪና ስለማልነዳ ነው እናቴ ቤት በእግሬ የምሄደው። በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው፣ እንዲሁም አንጎሉ ገና እያደገ ያለ ወጣት፣ ጉዳቱ ስለሚብስበት ሊርቀው ይገባል። ኢትዮጵያ ውስጥ ደግሞ በሕግ የተከለከለ ነውና፣ አገር ቤት ያላችሁ ወገኖቼ ይህን እንደ ምክር አትውሰዱብኝ።

ያን ዕለት ማታ ቶናው ሲቀዳ ከሶፋው ተነሥቼ ከእናቴ አጠገብ ካለው በርጩማ ላይ ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ። ግራ እግሬ ጠዘጠዘኝ፤ ቢሆንም እስከ በረካው ድረስ እዚያው ቆየሁ።