እዳ ከሜዳ፦ ዋጋው ላይ ያልተጻፈ ሒሳብ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ስለ ታክስ ብቻዬን ላወራችሁ ነው። ቆዩ፣ አትዝጉት! ቅጽ ስለ መሙላት አይደለም። እኔን የሚገርመኝ የመንግሥትን ካዝና ለመሙላት ሳይሆን ሰውን ከአንድ ድርጊት ለመመለስ የሚጣለው ታክስ ነው፤ ሥራውን በደንብ በሠራ ቁጥር ገቢው የሚቀንስ እንግዳ ነገር። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መኪና ይዤ በሥራ መውጫ ሰዓት ወደ ተጨናነቀ መንገድ ስገባ የማሰላው የራሴን ነው፤ ስንት ደቂቃ እንደምቆም፣ ስንት ነዳጅ እንደማቃጥል። ከኋላዬ የተሰለፉት ሁሉ በእኔ መጨመር የተነሣ ጥቂት ጥቂት ሴኮንድ ያጣሉ፤ በመንገዱ ዳር የሚያልፈው እግረኛ ጢሱን ይምጋል። ይህ ግን ሒሳቤ ውስጥ የለም፤ የሚጠይቀኝ አካል የለማ። የምጣኔ ሀብት ምሁራን ውጫዊ ተጽዕኖ ይሉታል፦ ሻጭና ገዥ ተስማምተው ሲለያዩ፣ በስምምነቱ ያልነበረ ሰው ላይ የሚወድቅ እዳ ከሜዳ።

ይህን ጉዳይ በሥርዓት ያስቀመጠው የካምብሪጁ የምጣኔ ሀብት ምሁር አርተር ሲሲል ፒጉ ነው። በ1920 ባሳተመው ሥራው ውስጥ ካነሣቸው ምሳሌዎች አንዱ ባቡር ነበር። ከባቡሩ የሚፈናጠቀው ፍንጣሪ በሐዲዱ ዳር ያለውን ደን ያቃጥላል፤ ለባለ ደኑ ግን ካሣ አይከፈለውም። የፒጉ ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ ጉዳት አድራሹ የጉዳቱን ያህል ታክስ ይክፈል፣ ጥቅሙ ለሌላው የሚተርፍ ሥራ የሚሠራው ደግሞ ድጎማ ያግኝ።

ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1960፣ ሌላው የምጣኔ ሀብት ምሁር ሮናልድ ኮዝ ይህን ሐሳብ ገልብጦ አየው። በ1879 የተፈረደ አንድ የእንግሊዝ ክርክር አንሥቷል። አንድ ጣፋጭ ሠሪ ለብዙ ዓመታት በሙቀጫ ሲወቅጥ ኖሯል። ጎረቤቱ ሐኪም በጓሮው ጫፍ፣ ከወቀጣው ግድግዳ ጋር አያይዞ የምርመራ ክፍል ሠራ፤ ከዚያም ድምፁ ረበሸኝ ብሎ ከሰሰ፤ ረታም። ታዲያ ማን ማንን ጎዳ? ሙቀጫው ሐኪሙን ይረብሻል፤ ሙቀጫው ዝም እንዲል ከተደረገ ደግሞ ጣፋጭ ሠሪው ይከስራል። ኮዝ ያለው፣ መብቱ የማን እንደሆነ በግልጽ ከታወቀና መደራደር ወጪ ከሌለው ሁለቱ ራሳቸው ይስማማሉ ነው። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ጉዳት የሁለት ወገን ነገር መሆኑን ያሳየኛል። ነገር ግን የአንድ ከተማ ነዋሪ በሙሉ ከእያንዳንዱ አሽከርካሪ ጋር ተቀምጦ ሊደራደር አይችልም፤ ኮዝም ራሱ ይህን ያውቅ ነበር። መንግሥት የሚገባው እዚህ ላይ ነው።

ሲገባ ታዲያ ዋጋ ይተምን ወይስ ይከልክል? ለእኔ ከባዱ ጥያቄ ይህ ነው።

ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ በ2000 ያሳተሙት አንድ ጥናት ከአእምሮዬ አይወጣም። ቦታው የእስራኤሏ ሃይፋ ነው። አጥኚዎቹ 10 የሕፃናት መዋያዎችን ተከታተሉ። ወላጆች ልጆቻቸውን ለመውሰድ እየዘገዩ መምህራኑን ያስጠብቁ ነበር። በስድስቱ መዋያዎች በዘገየ ወላጅ ላይ አነስተኛ ቅጣት ተጣለ። የዘገዩት ወላጆች ቁጥር ጨመረ፤ እያደር ወደ እጥፍ ተጠጋ። ቀድሞ ወላጁን የሚያስሮጠው የመምህሯ ፊት ነበር፤ ይሉኝታ። ቅጣቱ ሲመጣ ይሉኝታው በገንዘብ ተተካ፤ ‹‹እከፍል የለ!›› ማለት ተቻለ። የባሰው ደግሞ በኋላ ቅጣቱ ሲነሣ የሆነው ነው፤ ወላጆቹ ወደ ቀድሞው ሰዓት አክባሪነታቸው አልተመለሱም።

ብዙ ሰው ይህን ጥናት ‹‹ታክስ አይሠራም›› ለማለት ይጠቅሰዋል። እኔ እንደዚያ አላነበውም። ክፍያ ለሰው የሚነግረው ‹‹ይህን ማድረግ ትችላለህ፣ ዋጋው ይህ ነው›› የሚል መልእክት ነው። ለመንገድ መጨናነቅ ይህ ትክክለኛው መልእክት ነው። ማንም ሰው ጨርሶ አይንዳ አላልንም፤ በዚያ ሰዓት መንዳት በእርግጥ የሚያስፈልገው ይንዳ፣ ሌላው ሰዓቱን ይቀይር ነው ያልነው። በተቃራኒው ሜክሲኮ ሲቲ በ1989 በሰሌዳ ቁጥር እየለየች እያንዳንዱን መኪና በሳምንት አንድ ቀን ከመንገድ አገደች። አቅም ያለው ሰው ሌላ ሰሌዳ ያለው ሁለተኛ መኪና ገዛ፤ ብዙ ጊዜም አሮጌ፣ ጢሱ የበዛ መኪና።

ክልከላ ብቻ የሚፈታው ጉዳይም አለ። ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) የተቀላቀለበት ቤንዚን ከሁሉ በላይ ያናድደኛል። በ1921 ቶማስ ሚጅሊ ሊድ የሞተርን ማንኳኳት እንደሚያስቀር አገኘ። በ1924 ኒው ጀርሲ ውስጥ ይህን ቅመም የሚያመርቱ ሠራተኞች ተመርዘው ሞቱ። አደገኛነቱ ያኔም የተሰወረ አልነበረም። ሆኖም የዓለም የመጨረሻዋ ለመኪና የሚሸጥ ሊድ ያለበት ቤንዚን ሻጭ አገር፣ አልጄሪያ፣ ሽያጩን ያቆመችው በ2021 ነው። አንድ መቶ ዓመት! የሕፃን አእምሮ ለሚጎዳ ነገር፣ ያውም ምትክ እያለው፣ ‹‹ዋጋው ይህ ነው›› ማለት ነውር ነው፤ እዚህ ላይ ሕጉ ‹‹አይቻልም›› ብሎ መጨረስ ነበረበት።

በሁለቱ መካከል ያለ መንገድም ተሞክሯል። አሜሪካ በ1990 ባወጣችው ሕግ የአሲድ ዝናብ መንሥኤ በሆነው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ በተባለው ጋዝ ልቀት ላይ ጣሪያ አበጀች፤ በጣሪያው ሥር ግን የኃይል ማመንጫዎች ጋዙን የመልቀቂያ ፈቃድ እንዲገበያዩ ተወችላቸው። በ1995 ሥራ ላይ ሲውል ልቀቱ ከተገመተው ባነሰ ወጪ ቀነሰ።

ወደ ድጎማ ልለፍ። በመርሕ ደረጃ የምከራከርበት የለኝም። ኬንያ ውስጥ ኤድዋርድ ሚጌልና ማይክል ክሬመር አጥንተው በ2004 ያሳተሙት ሥራ፣ ተማሪዎች የሆድ ትል መድኃኒት ሲሰጣቸው ያልወሰዱት ልጆችም በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። ለእንዲህ ያለ ነገር መድኃኒቱን በነፃ ስጡ፤ ተመላሹ ከተቀባዩ አልፎ ለጎረቤት ይደርሳል። ችግሩ ድጎማ መውለድ ቀላል፣ መቅበር ከባድ መሆኑ ነው። ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት መንግሥታት በ2022 ለድንጋይ ከሰል፣ ለነዳጅና ለጋዝ በቀጥታ የሰጡትን ድጎማ 1.3 ትሪሊዮን ዶላር ገምቶታል። ያልተከፈለው የጤናና የአየር ንብረት ጉዳት ሲታከልበት አኃዙ ወደ 7 ትሪሊዮን ይደርሳል። ፒጉ ታክስ ይጣልበት ያለው ነገር ላይ ሽልማት መስጠት ማለት ነው። ማንሣቱን ደግሞ የሞከረ መንግሥት ያውቀዋል፤ ሕዝቡ አደባባይ ይወጣል።

በሕዝቡ ግን አልፈርድም። በ2018 ፈረንሳይ ውስጥ ቢጫ ሰደርያ ለብሰው የወጡት ብዙዎቹ አውቶቡስ በማይደርስበት አካባቢ የሚኖሩ፣ ያለ መኪና ሥራ የማይደርሱ ሰዎች ነበሩ። የነዳጅ ታክሱ ምርጫን ይቀይራል ተብሎ ነበር የተጣለው፤ እነርሱ የሚቀይሩት ምርጫ አልነበራቸውም።

‹‹ታዲያ ገንዘቡን መልሱላቸዋ!›› ትሉኝ ይሆናል። ካናዳ ሞክራዋለች። ነዳጅ በማቃጠል ላይ ከጣለችው የካርቦን ክፍያ የሚገኘውን ገቢ አብዛኛውን ለቤተሰቦች በባንክ ሒሳባቸው ትመልስ ነበር። ነዳጅ የሚቀዳው ሰው ግን ጭማሪውን የሚያየው በቀዳ ቁጥር ነበር፤ ተመላሹ በዓመት አራት ጊዜ ድምፁን አጥፍቶ ይገባ ነበር። በሚያዝያ 2025 ክፍያው ከተጠቃሚዎች ላይ ተነሣ።

ከዚህ ይልቅ የስዊድኗ ስቶክሆልም ብልሃት ይማርከኛል። በ2006 ከተማዋ የመጨናነቅ ክፍያን ለሰባት ወር ያህል በሙከራ ጀመረች፤ አብዛኛው ነዋሪ ተቃዋሚ ነበር። ወደ መሐል ከተማ የሚገባውና የሚወጣው ትራፊክ በ20 በመቶ ገደማ ቀነሰ። ከዚያ ሙከራው ቆመ፤ መኪናውም ተመልሶ መንገዱን ሞላው። ሕዝበ ውሳኔው የተካሄደው ያን ጊዜ፣ ሰው ሁለቱንም ካየ በኋላ ነው። የከተማዋ ነዋሪዎች በጠባብ ልዩነት ‹‹እንቀበለዋለን›› አሉ፤ በ2007 ክፍያው ቋሚ ሆነ። በዙሪያዋ ካሉት ማዘጋጃ ቤቶች ድምፅ ያሰጡት ግን በአብዛኛው ‹‹አይሆንም›› ብለው ነበር። ክፍያውን ከፍለው የሚገቡት ብዙዎቹ እነርሱ፣ ጸጥ ባለው መንገድ የሚኖሩት ደግሞ ሌሎች ነበሩ።